ድመቷ ናት አልኩ

ኅዳር 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ያርጋል ዛሬ ማለዳ ከደባርቅ ወደ ፓርኩ፣ ወደ ጊች ወጣ። ሁለት ሳምንት ካምፕ ነው። የፓርክ ጥበቃ ስካውት ያገባች ሴት ግማሽ ባል ነው ያላት። "ከባድ እንዳታነሺ" ብሎኝ ሄደ፤ እሱ ራሱ ጠመንጃውን፣ ብርድ ልብሱንና የሳምንት ዳቦውን ተሸክሞ። ይህን ደብተር ከውሃ ቢሮ ነው ያመጣሁት። የቆጣሪ ንባብ መመዝገቢያ ነው፤ ግማሹ ባዶ ነበር። ከላይ "የደንበኛ ስም" ይላል። ደንበኛዋ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ድመቷ ትናንት ሌሊት ጮኸች። መጮኽ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ከጓዳው በር ሥር ቆማ፣ አንገቷን አንጋጣ፣ ሰው እንደሞተበት ሰው ታላዝናለች። ዝም ትላለች፣ አበቃ ስል እንደገና። ስምንት ሰዓት ላይ ጀምራ አሥር ሰዓት ላይ ተወችኝ። ተነሥቼ ባያት የምታየው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ላይ ምንም የለም።

ጉብሊት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ ያኔ እውነትም ጉብል ነበረች። እናቴ ስታርፍ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ እኔ የጠየቅኩት እሷን ብቻ ነው። አሁን የእርግዝናዬ ስድስተኛ ወር ሲገባ ጠብቃ ሌሊት ታለቅስብኛለች። አንቺ አሮጊት፣ ምን በደልኩሽ?

ኅዳር 5

እግሬ አብጧል። ሠላሳ ሰባት ቆጣሪ አነበብኩ፣ ግማሹ ጭቃ ውስጥ።

ሠርካለም ጋ ስደርስ (ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ናት) ከበላዬ ቆማ፣ "ትሕትና፣ ሌሊት የምታለቅሰው ያንቺ ድመት ናት?" አለችኝ። "ናት" አልኳት። "በስመ አብ!" ብላ አማተበች፤ ከዚያ ሆዴን አየች። ሌሊት የምታላዝን ድመት ሞት ትጠራለች ነው ነገሩ፤ አፍ አውጥታ አላለችውም። ምናለ ብትለውና ቢወጣላት።

ኅዳር 9፣ ሌሊት

እፈራለሁ ብዬ መጻፍ አልፈልግም ነበር። እፈራለሁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም። መንገዱ እስኪረጋጋ ነው አሉ። አምቡላንሱ ራሱ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የምጸልየው አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣ ካለ ቀን ይምጣ።

አምና የወለድኳት ልጅ ሦስት ቀን ኖራለች። የወለድኳት ዳባት፣ ከያርጋል እናት ቤት ነው። ጡት ይዛ ነበር፣ አጠባቧ የሚያስቅ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቆዳዋ። በሦስተኛው ቀን መጥባት ተወች። ክርስትና ለመነሣት ሰማንያ ቀን የት አግኝታ፤ ስም እንኳ የላትም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ሾተላይ ነው" አለ። ሾተላይ ያለባት ሴት ትወልዳለች እንጂ ልጅ አይበረክትላትም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም እንደማያውቅ ሰው አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ኮሶዬ ላይ ስለሆነው አልጽፍም።

ድመቷ ጀመረች። ልሂድ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

እማማ ዘቢደር፣ አማቴ፣ ከዳባት መጡ። እስክወልድ ሊቀመጡ ነው። በሶ፣ ተልባ፣ አንድ ማሰሮ ማርና የጸበል ጠርሙስ ይዘው። ያርጋል ነው የላካቸው፣ እንዳልከራከር ደግሞ ሳይነግረኝ።

ለጉብሊት ወተት ስቀዳ አይተው፣ "ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል። ይቺ ጾም አትይዝም?" አሉ። "ዕድሜዋ ነጻ አድርጓታል" አልኳቸው። ሳቁ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ አሉ፤ እኔም ሳቅኩ። ቀኑ መልካም ነበር።

ሌሊት ስትጀምር ግን ቀጥ ብለው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። በጨለማ ድምፃቸው ብቻ፦ "ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"ቆይታለች፣ እማማ።" ውሸት። አሥር ቀኗ ነው።

"አምናስ? ለዚያችኛዋ ጊዜ ጮኻ ነበር?"

"አላስታውስም" አልኩ። አስታውሳለሁ። አምና ጸጥ ብላ እግሬ ሥር ትተኛ ነበር። ልጅቷ ግን ሞተች፤ ይህን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ለምን አልተናገርኩም?

ኅዳር 20

ጤና ጣቢያ። እማማ ዘቢደር ከጎኔ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው እንደ ቤተ ክርስቲያን።

ነርሷ፦ "ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አርግዘሻል?"

"አንዴ።"

"ጽንስ ወርዶብሽ ያውቃል?"

"ኧረ በጭራሽ!" ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ እማማ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ደምሽ ኔጋቲቭ ነው አለችኝ፣ አዲስ ነገር የምትነግረኝ መስሏት። ደምሽ የልጁን ደም እንደ ጠላት ቆጥሮት ይሆናል፣ ያችኛዋም ልጅ በዚህ ይሆናል የሞተችው፣ በዚህ ወር ውስጥ ጎንደር ሄደሽ ሐኪም ይይሽ ብላ የሪፈር ወረቀት ጻፈችልኝ። "እንዳታሳልፊው" አለች ሁለት ጊዜ።

በር ላይ እማማ፣ "ምን አለችሽ?"

"ደም ማነስ ነው። ክኒን ሰጥታኛለች።"

ወረቀቱ እዚህ ደብተር መሐል ነው። ጎንደር ከሄድኩ እሳቸው አብረውኝ ይሄዳሉ። እዚያም ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ።

ኅዳር 26

በሁለት ሳምንት ሁለት ሌሊት ተኝቼ ቢሆን ነው። ጥጥ በጆሮዬ፣ አልሆነም። መብራት አብርቼ ተውኩላት፣ አልሆነም። ማታ አጥግቤ አበላኋት፤ ጠግባ ጮኸች፣ ያውም በተሻለ ጉልበት።

በሻሽ ጠቅልዬ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው ሳቀብኝ። "እኔ የማውቀው በሬና በቅሎ ነው፣ እትዬ። ድመት ይዞ የመጣ ሰው ካንቺ በፊት አላየሁም።" ግን ልቡ ጥሩ ነው፤ ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ከጆሮዋ ኋላ አጨበጨበ። ዞር አላለችም። "ሸምግላለች። አታይም፣ አትሰማም። ሌሊት ስትነቃ የት እንዳለች ይጠፋባታል፣ ትፈራለች። እጅሽን አድርጊባት፤ ካወቀችሽ ዝም ትላለች።"

ዛሬ ሌሊት ሞከርኩት። መሬት ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩና እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ። አጥንት ብቻ ናት። ሸተተችኝ፣ ዝም አለች። ያኔ ልጁ ተራገጠ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ልቡ። እንዲህ ሦስት ሆነን ቆየን።

ባለሙያው ያለውን ለእማማ ዘቢደር አልነገርኳቸውም። ለሠርካለምም።

ታኅሣሥ 4

ልብስ ሳሰጣ ሰማሁ። እማማና ሠርካለም በአጥሩ በኩል፣ እኔ አንሶላው ጀርባ ነኝ።

እማማ፦ "የወንድሜ ሚስት የነበረች አልጣሽ የምትባል፣ ወርቅ የመሰለች ሴት፣ ሦስት አከታትላ ቀበረች። ሾተላይ። ደሟ ከደሙ አልስማማ አለ። ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ተቀመጠና ተፋቱ።"

ሠርካለም፦ "ለሁለቱም ይሻላል እኮ። ከሌላ ሲሆን ይበረክታል ይላሉ።"

"ይላሉ" አሉ እማማ። ከዚያ፦ "የኔዋ ግን አንድ ነው የሞተባት። አንድ ሾተላይ አይባልም። እኔን የምታሳቅቀኝ ድመቷ ናት።"

አንድ። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነው።

አንሶላውን ሁለተኛ አጠብኩት። መሬት ወድቆብኝ ነበር።

ታኅሣሥ 10፣ ሌሊት

እሺ፣ ልጻፈው። የሚያነበው የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ፣ ለአክስቴ ተዝካር ኮሶዬ ሄድኩ። ካረገዝኩ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ያርጋል ካምፕ ነው፣ ሲወርድ ድንገት ልነግረው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። በተዝካሩ ማግስት ሆዴን ቆረጠኝ። ጤና ጣቢያው ስደርስ አልቆ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ አጥባኝ፣ ደሜን መርምራ፣ እጄን ይዛ ነገረችኝ፦ "ደምሽ ኔጋቲቭ ነው። መርፌ አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ጎንደር ሄደሽ ተወጊ። ካልተወጋሽ የሚቀጥለውን ልጅ ይጎዳዋል። ሰማሽኝ?" ሰማኋት። ሾተላይ የሚሉት ይኸው ነው፣ መድኃኒት አለው አለችኝ።

ከኮሶዬ ጎንደር አንድ ሰዓት ነው። መንገድ ላይ አንዱ ሚኒባስ ጎንደር ጎንደር ይላል፣ አንዱ ደባርቅ ደባርቅ። ደባርቅ የሚለው ውስጥ ገባሁ።

ጉብሊትን ቤት ውስጥ ቆልፌባት ነበር። ሁለት ቀን ሆኗታል፣ ትራባለች ብዬ። ነገ ተመልሼ ጎንደር እሄዳለሁ ብዬ። በነጋታው ደከመኝ፣ በሦስተኛው ቀን ያርጋል መጣ። አለቀ።

ስለዚህ እማማ ሳያውቁት ልክ ናቸው። ድመቷ ናት። ለሷ ብዬ ነው። ልጄን ያስበላችኝ እሷ ናት።

አሁን ትጮኻለች። አልነሣም። ትጩህ።

ታኅሣሥ 12

ያርጋል ከካምፕ ደወለ፣ ኔትወርኩ ያዝ ለቀቅ እያለ፤ ሁለት ሳምንት ያለው ተራዝሞበታል። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው የሚያወራኝ፣ ነፋሱ ይሰማል። እናቱ ድመቷ ከቤት ትውጣ ብለው ቀድመው አውርተውታል። "ድመት እኮ ናት፣ ትሕትና" አለኝ። "አንቺ እንድትተኚ ነው የምፈልገው። እናቴ ያለችውን አድርጉ።"

"እሺ" አልኩ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ታኅሣሥ 17

እንዳለው የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር እህል ጭኖ በሊማሊሞ ወደ ሽሬ መንገድ ይወርዳል። ጉብሊትን ዛሪማ ላይ ሊተዋት ተስማማ። ቆላ ነው፣ ይሞቃታል፤ ወፍጮ ቤት አለ፣ አይጥ አይጠፋም። በዚህ ዕድሜዋ አይጥ!

እማማ ጆንያውን ያዙ። ጉብሊት እጃቸውን ሸትታ አፈገፈገች። እንዳለው ሞከረ፣ ቧጨረችው። "አይ፣ ያለ ባለቤቷ አይሆንም" አሉኝ።

ስለዚህ እኔ ተቀመጥኩ። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ፣ እንደ ሌሊቱ። አወቀችኝ፣ ዝም አለች፣ መዳፌ ላይ ራሷን አሸች። እኔ ነኝ ያስገባኋት። ከኔ በቀር ለማንም አትገባም ነበር። እማማ መንገድ እንዳትለይ ብለው ጆንያውን ሦስት ጊዜ አዞሩት። የማታይ ድመት መንገድ እንዳትለይ! ይህን እንኳ አልተናገርኩም።

መኪናው ሲነሣ አንድ ጊዜ ጮኸች። ገብቼ ሽሮዬን አማሰልኩ።

ታኅሣሥ 18

ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። እማማ፣ "እሰይ! ፊትሽ ተመለሰ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 24

እንዳለው ተመለሰ። መንገድ ላይ ይዤው ጠየቅኩት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ጆንያውን ፈታሁት አለ። "አልሮጠችም። እዚያው ቁጭ አለች፣ ጆንያው ላይ። ስመለስ ጆንያው ነበረ፣ እሷ የለችም።" ዓይኔን አይቶ፣ "አንዱ ወስዷት ይሆናላ" ጨመረ። ደግ ሰው ነው፤ ውሸት አይችልበትም።

ቆጣሪ ላይ ቆሜ ቁጥሩ ጠፋኝ።

ጥር 2፣ ሌሊት

ገና አለፈ። ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እኔ ግን ስምንት ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው ምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እሱን እጠብቃለሁ፤ ድሮ እሷ ስትቀሰቅሰኝ ነበር የሚራገጠው። አሁን አንዳንዴ ይዘገያል። ሲዘገይ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

እማማም አይተኙም። ተኝታለች ብለው በጨለማ ሲጸልዩ ሰማሁ። "ይህቺን ልጅ አታሳዝንብኝ፣ እኔን ውሰደኝ" ይላሉ። ብርድ ልብሱን ነክሼ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 10 ላይ የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። ለራሴ ደብተር ዋሽቻለሁ። ጉብሊት አልተራበችም። ኮሶዬ ስሄድ ቁልፉን ለሠርካለም ሰጥቻት ነበር። ጠዋት ማታ ታበላት ነበር። ይህን ሚኒባሱ ውስጥ ስገባም አውቃለሁ።

ደባርቅ የገባሁት ጎንደር ከተወጋሁ ስሜ ይጻፋል፣ ወረቀት ይሰጠኛል፣ ያርጋል ያያል፣ እናቱ ይሰማሉ ብዬ ነው። ሾተላይ አለባት፣ ደሟ አልስማማ አለ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ። ይህን ፈርቼ ልጄን ሰጠሁ። ድመቷንም ሰጠሁ። ሁሉም ሰው ድመቷ ናት ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የሪፈሩ ወረቀት አሁንም እዚህ ነው። በዚህ ወር ውስጥ ብላኝ ነበር። ወሩ አለፈ።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ጠዋት አልተራገጠም። ሥራ ነው፣ መራመድ ያስተኛዋል አልኩ።

ቀትር። በግራ ጎኔ ተኛሁ። ስኳር የበዛበት ሻይ። የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት። አንድ ጊዜ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ወይስ አንጀቴ ነው?

ሌሊት። ልጻፍ። ማታ እማማ ፊቴን አይተው አወቁ። ሆዴ ላይ እጃቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ቤቱ መሐል ቆሙና፣ "ድመቷ እኮ ሄዳለች!" አሉ። እንደ ልጅ ነበር ያሉት። "ሄዳለች እኮ! ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?"

"ድመቷ አይደለችም፣ እማማ።"

ነገርኳቸው። ኮሶዬን፣ መርፌውን፣ ሚኒባሱን፣ ቁልፉን፣ ለነርሷ የዋሸሁትን። ከደብተሩ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ማንበብ አልችልም፣ አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። ቀኑን ስጠራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነጠላቸውን ሳቡና በሩን ከፍተው ግቢው ጨለማ ውስጥ ወጡ። ብርዱ ይቆርጣል። ለማን ሊነግሩ ይሆን፣ ለሠርካለም? ለያርጋል ሊደውሉ? አልጣሽ የምትባለዋን ሴት አሰብኩ፤ ሻንጣዋን ማን ያዘላት ይሆን? ሲመለሱ ከንፈራቸው ደርቋል። "ጎህ ሲቀድ ጎንደር እንሄዳለን" አሉ። በቃ። አሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፤ አልተኙም።

ስድስት ሰዓት ነው። መኪና የለም። ጎህ፣ ቶሎ በል።

ጥር 8፣ ጎንደር

አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣን። ዳባት ስናልፍ እማማ ቤታቸው ያለበትን እንኳ አላዩም። ኮሶዬ ላይ ሰው ሊወርድ ቆመ። "እዚህ ነው?" አሉኝ። "እዚህ ነው" አልኩ። ከትናንት ማታ ወዲህ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው። በቀረው መንገድ ሁሉ ሻንጣዬን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘዋል፤ ሊመልሱኝ ይሁን ሊያባርሩኝ አላወቅሁም።

ሐኪሙ ሆዴ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን ሲያስኬድ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ከዚያ ድምፁን ከፈተልኝ። ልቡ ይመታል። አለ። አለቀስኩ፣ ሐኪሙም እስክጨርስ ጠበቀኝ። "ደም አንሶታል" አለኝ። "ምናልባት ነገ እናስወልድሻለን፣ ደሙ ይለወጥለታል። ቃል አልሰጥሽም። ሁለት ቀን ዘግይተሽ ቢሆን ግን የምነግርሽ ሌላ ነበር።"

ከዚያ አንዲት ነርስ ፎርም ይዛ መጣች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ።

"ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ምላሴ ላይ የመጣው ያው "ሁለተኛ" ነበር። እማማ ዘቢደር ከአልጋው ጫፍ ተነሡ።

"ሦስተኛዋ ነው" አሉ። "የመጀመሪያው ኮሶዬ ላይ ወርዶባታል። መርፌ አለ ተብላ ሳትወጋ ቀረች። ሁለተኛዋን እኔ ቤት ነው የቀበርናት። ጻፊው፣ ልጄ። ሁሉንም ጻፊው።"

"ለምን ሳትወጋ ቀረች?"

"ፈርታ።"

"መርፌ ፈርታ?"

"አይ" አሉ እማማ። "እኔን።"

ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አቀርቅራ ጻፈች።